ሐሙስ የሚለው ካርድ

«አንተ ነህ ጉዲሳ የሚሉህ?»

ጉዲሳ ጉርድ ሾላ በሚገኝ ምግብ ቤት፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቋል።

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ሐሙስ ውሃ ይመጣል ብለህ አልነበር? ይኸው ሐሙስ ነው። ቧንቧው ግን ያፏጫል!»

«እናቴ፣ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ውሃ የምለቀው እኔ አይደለሁም።»

«ካርዱ ላይ ያለው ስም ታዲያ የማን ነው? ነገ የሚካኤል ጽዋ ተረኛ እኔ ነኝ። ማኅበርተኛውን እጁን በምራቄ ላስታጥበው?»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

ከጠዋት ጀምሮ ሲሰደብ ነው የዋለው። ሥራውን እንደጨረሰ ሲም ካርዱን ሊቀይር ቆርጦ ተነሣ፤ በመንገዱ ግን ወደ ወዳጁ ሱፊያን ማተሚያ ቤት ጎራ አለ።

«ያንተ ምክር ነው ያዋረደኝ!» አለው ገና ከበሩ።

ምክሩ እውነትም የሱፊያን ነበር። ጉዲሳ መጀመሪያ ያሠራው ካርድ ጥቁር ሆኖ በወርቃማ ፊደል «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይል ነበር፤ የሚያስተዳድረው ሰው ግን አንድም የለውም። ሰዎች በሁለት እጃቸው ይቀበሉትና መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ይጥሉታል። አንዱንም ካርድ ከሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፎ አግኝቶታል። ያኔ ሱፊያን «ሰው የሚያስቀምጠው የሚጠቅመውን ነው» ብሎ፣ በካርዱ ጀርባ የየካ ሚካኤልን የላይኛውን ሰፈር የውሃ ፈረቃ አተመለት። ቧንቧ ላይ እንዲንጠለጠልም ጥጉን በስቶ ክር አስገባበት። ተንጠለጠለ። የጉዲሳም ስልክ መጥራት ጀመረ።

በዚህ ሳምንት ግን ፈረቃው ወደ ሰኞ ዞረ። ውሃው ማንም ሳይጠብቀው መጥቶ ሄደ። አንድ ወረቀት መለጠፍ፣ አንድ መልእክት መላክ ምን ይከብዳል? ፈረቃውን የቀየረው ሰው ስሙ አይታወቅም። የሚታወቀው የጉዲሳ ስም ብቻ ነውና ስድቡ ሁሉ ወደ እሱ መጣ።

ሱፊያን ሳቀበት። «በዚያ በወርቃማው ካርድህ ማን ሰድቦህ ያውቃል?»

«ማንም።»

«የሚያውቅህ ስላልነበረ ነዋ! አሁን ሰፈሩ ሁሉ ቁጥርህን ይዟል። ሲም ቀይረህ ብትጠፋ ግን አታላይ ነበር ይሉሃል። ሂድና ፊት ለፊት አናግራቸው፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ!»

ጉዲሳ ሳይወድ ፈገግ አለ። የእሱ ቤት ታችኛው ሰፈር ነው፤ እዚያ ውሃ አለ። ለጽዋ ተረኛዋ ሴትዮ መልሶ ደውሎ ቤታቸውን ጠየቀና ጀሪካኖች ሞልቶ በባጃጅ ዳገቱን ወጣ።

እማማ ወርቅአየሁ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ጀሪካኖቹን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይኼ ሁሉ ለእኔ?»

«ለሚካኤል ነው፣ እማማ። ለእኔ የጠዋቱ ስድብ ይበቃኛል።»

ሳቅ አመለጣቸው። «አትቀየመኝ ልጄ። የምጮኽበት አጥቼ ነው። ሌላው ሁሉ ስልክ አያነሣም። አንተ ታነሣለህ።»

ጉዲሳ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው «እጅህ ይባረክ» ብሎታል፤ የዚህን ያህል ልቡ የገባ ቃል ግን አልሰማም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ።

«ውሃ ያመጣኸው አንተ፣ የምታመሰግነውም አንተ? በል፣ የማድቤቴ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ነገ ማኅበሩ ሲበተን መጥተህ ትሠራልኛለህ፤ ጠላም ትቀምሳለህ።»

ካርዱ በግቢው ቧንቧ ላይ በክሩ ተንጠልጥሏል። ጉዲሳ ቱቦ ላይ ምልክት የሚያደርግበትን እስክሪብቶ አውጥቶ «ሐሙስ» የሚለውን ሰረዘና «ሰኞ» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ተወው። ጎንበስ አለና ከሥሩ ጨመረ፦

«ከተቀየረ፣ ለመሳደብም ቢሆን ይደውሉ።»

ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ የእማማን ጎረቤት በር አንኳኳ።