ዕቃ ቤት ነው

የቤት ዕቃ መደብሩ ሠራተኞች ስም ሲያወጡላት «እመት መስመር» አሏት፤ አልተሳሳቱም። የመደብሩን ማሳያ ክፍሎች የምታሰናዳው እሷ ናት። ትራስ ጠመም ብሎ ካየች እጇ ሳያቃናው አያልፍም። ደንበኛው እሷ ባሰናዳችው ሳሎን መሐል ቆሞ «ምነው የእኔም ቤት እንዲህ በሆነ!» ይላል። እሷም አፏን ሞልታ «ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ታስቦበት ይቀመጥ» ብላ ትመክራለች።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የመካሪዋን ቤት ያየ ግን አልነበረም። ማሳያው በተቀየረ ቁጥር የተረፈው መጋረጃ፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር፣ ገመዱ የተቆረጠው መብራት «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ አብሯት ወደ ቤት ይገባል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ መጀመሪያ ኮሪደሩ ሞላ፣ ከዚያ ሳሎኑ፣ ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው ትራስ ተሸክሞ ቀረ። «በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ» ስትል ዓመታት ነጎዱ።

በር ሲንኳኳ መላው አንድ ነበር። ያገኘችውን አፍሳ አባቷ ክፍል ውስጥ ትወረውርና በሩን ትዘጋለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነው። ኳኳታውን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ሳሎን ይወጡላታል። «እንግዳ መጣ፣ ቤቴን ልልቀቅ» እያሉ ይቀልዳሉ፤ እሷም ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመደብሩ ባለቤት ደወሉ። ሴትዮዋ ነገር አያንዛዙም። «ደጅሽ ነኝ፤ የትኛው ፎቅ ነው?»

ፎቁን ነግራቸው ስልኩን ዘጋች። ትራሱን፣ መጋረጃውን፣ የልብሱን ክምር በሁለት እጇ እያፈሰች ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። አባቷ ግን ያን ቀን ጉልበታቸው ይዟቸው ተኝተው ነበር። መጋረጃው እግራቸው ላይ ሲያርፍ ቀና አሉ።

«እኔስ፣ ልጄ?»

አየቻቸው። ጢማቸው አድጓል፣ የሹራባቸው ክርን ተቀዷል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያን ቀን የደበቀችው ዕቃውን ብቻ አልነበረም።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባባ፤ አሁን ይሄዳሉ» አለችና፣ ክምሩ በሩን እንዳይከፍተው ብላ ቆለፈችው።

ባለቤቲቱ ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ደግሞ ጨመሩ። የመጡት ለመደብሩ ማስታወቂያ የእሷን ቤት ፎቶ ለማስነሳት አስበው ነው። «እንዳንቺ አስቦ የሚኖር ሰው ቤት ሕዝብ ይየው» አሏት። ሲዘዋወሩ የተቆለፈው በር ጋ ደረሱ።

«ይሄስ?»

«ዕቃ ቤት ነው።»

ከውስጥ ሳል ተሰማ። የታፈነ፣ በእጅ የተያዘ ሳል። ባለቤቲቱ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ጎረቤት ነው» አለች ፈጠን ብላ። «ግድግዳው ስስ ነው።»

ሴትዮዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶ አንሺ ይዘው ሊመጡ ተስማምተው፣ ስለ ምንጣፍ ቀለም ብዙ አውርተው፣ አመሻሽ ላይ ሄዱ። በሩን ስትከፍት አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው ርሷል። መጋረጃውን ጭናቸው ላይ ጎትተው ሊሸፍኑት ሞክረዋል።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ ዕቃሽን አበላሸሁብሽ።»

«ለምን አልጠሩኝም?»

«እንዴት ብዬ? ዕቃ ቤት ነው አልሽ» አሉ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ። «ዕቃ ደግሞ አይጣራም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ውኃ አሙቃ ልታጥባቸው ስትል «እኔው እችላለሁ» ብለው መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ዘጉት። እሷ ደጁ ላይ ቆማ የውኃውን ድምፅ አዳመጠች። እንዲህ ያለ እፍረት አታውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትጀምራለች። የጀመረችውም ከእሳቸው ክፍል ነው። የማይጠገነውን ጣለች፣ የሚሠራውን ለሰው ሰጠች፣ የመደብሩን ለመደብሩ መለሰች። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዞረችላቸው፤ ምርኩዛቸው የሚሰቀልበት መንጠቆ መታች። አዲስ ሹራብም ገዛች። አባቷ «እጅሽ ይባረክ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። እሷም ያንን በር ስለ መቆለፏ አንዲት ነገር አልተናገረችም። ክፍሉ ሲያምር ነገሩ አብሮ የሚስተካከል መስሏት ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ፎቶ አንሺው መብራቱን ሲተክል እሷ የሁሉንም ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፈተች። የአባቷ አልጋ ተነጥፏል፤ አባቷ ግን የሉም።

ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ያገኘቻቸው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ አዲሱን ሹራብ ለብሰዋል፤ ብርዱ አፍንጫቸውን አቅልቶታል።

«ሄዱ?» አሏት።

«አባባ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«በጊዜ ወጣሁልሽ። ዛሬ ጭንቀት አይኑርብሽ ብዬ ነው። ግቢ፣ ሲጨርሱ ትጠሪኛለሽ።»

አጠገባቸው ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እጃቸውን ያዘች፤ በረዶ ሆኗል። መዘግየቷ የከነከናቸው ባለቤቲቱም ተከትለዋት ወርደው ኖሮ ከፊታቸው ቆሙ።

«ምን ሆንሽ? እሳቸውስ ማን ናቸው?»

እንባዋን ጠረገችና ተነሣች። «አባቴ ናቸው። ያን ቀን ዕቃ ቤት ነው ያልኩዎት የእሳቸው ክፍል ነበር። ሲያስሉ ሰምተዋል፤ ጎረቤት አልነበረም። የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ።»

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። አባቷ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ የአሠሪዋን ፊት አዩ፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንደምንም ተነሡ።

«አይስሟት፣ እመቤቴ» አሉ እየሳቁ። «ቆልፊብኝ ያልኳት እኔው ነኝ። እንግዳ አልወድም፤ ሳረጅ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ኧረ አባባ!» አለች።

«ዝም በይ አንቺ፣ አባትሽን አታሳጪ።»

ባለቤቲቱ እፎይ ብለው ሳቁ። «የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ!» አሉና ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ይመሯቸው ጀመር። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው የሚበራ፣ መንገደኛውን ሁሉ «ግባ፣ አረፍ በል» የሚሉ ሰው ነበሩ። አሁን ስለ እንግዳ ጥላቻቸው እያወሩ ሴትዮዋን ሲያስቁ ድምፃቸው ከደረጃው ይሰማል።

እሷ ከኋላ ቀረች። ማንም አልተቆጣትም። የሚቆጣት ሰው ብታገኝ በተሻላት ነበር።