አሥራ ሁለተኛው ባትሪ

«አሥራ አንድ።»

ተማሪዎቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ መምህሯ ባትሪዎቹን ከቆርቆሮ ሣጥኑ አውጥታ እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች፤ የካርቶን ቁርጥራጭና የደረቀ ሙጫ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ስትቆጥር የጠፋው የትኛው እንደሆነ ገባትና ክው አለች። ከአሮጌ ስልክ የወጣው፣ ሆዱ የተነፋው፣ በቀይ ፕላስተር የጠቀለለችው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች «የተበላሸ ባትሪ ይህን ይመስላል፤ እንዳትነኩት» ብላ ከፍ አድርጋ አሳይታቸዋለች። ልጅን አትንካ ማለት ንካ ማለት እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው ማወቅ ነበረበት።

የቴክኖሎጂና ንድፍ ትምህርት ሲጀመር የሰጧት አንድ የድሮ ዕቃ ቤት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ስለዚህ ልጆቹ ከየቤታቸው የተሰበረ ሬዲዮ፣ ስልክና መጫወቻ ያመጣሉ፤ ይፈታሉ፤ ከተፈታው ሌላ ነገር ይሠራሉ። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ገብቶ «ባትሪ የሚባል ነገር ሁለተኛ እዚህ ባይ በሥራዎ ይጠየቃሉ» ብሏታል። እሺ አለች። ከዚያም ሣጥኑን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደበቀችው።

የዚህ ወር ሥራ ቀላል ነበር። በቤታችሁ ያለ አንድ ችግር ፈልጉ፤ መፍትሔውን ንደፉ፤ አስፈርሙና ሥሩ። አርባ ሦስቱ የንድፍ ደብተሮች መደርደሪያው ላይ ነበሩ። አንድ በአንድ ገለጠች። የጫማ መደርደሪያ። ቧንቧ ሲያፈስ የሚጮህ ደወል። እህቱ ከረሜላውን እንዳትበላበት ቁልፍ የነደፈም አለ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጇ ቆመ።

«የአያቴ የማታ መብራት» ይላል። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሁለት ሽቦ፣ መሐል ላይ ዙሪያው ቀይ የተቀባ ባትሪ። ከቀስቱ ጎን «ይሄ ከቲቸር ሣጥን» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በመምህሯ በራሷ እጅ «ጎበዝ! ሥሪው» የሚል ቃልና ፊርማ አለ። አርባ ሦስት ደብተር በአሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት፣ ዳቦ እያኘኩ መፈረም እንዲህ ያደርጋል።

የደብተሩ ባለቤት ክፍሉ «ወይዘሪት ጥያቄ» የሚላት ልጅ ናት። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የቤት ስልክ ደወለች። ልጅቷ ራሷ አነሳች።

«ቲቸር ነኝ። ባትሪውን ምን አደረግሽው?»

«ይሠራል እኮ ቲቸር! ግን ቶሎ ጠፋብኝ። አሁን ቻርጅ ላይ ነው።»

«የት?»

«አያቴ ራስጌ።»

«ስሚኝ። ባትሪውን እንዳትነኪው። ሶኬቱን ብቻ ከግድግዳው ንቀዪ። አሁኑኑ!»

«ለምንድነው?»

«እሳት ሊነሳ ይችላል! እናትሽ የት ናት?»

«ሥራ።»

«አያትሽን ይዘሽ ውጪ።»

«አያቴ መራመድ አትችልም እኮ ቲቸር...»

«ጎረቤት ጥሪ! ጮኸሽ ጥሪ!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲወድቅ ሰማች፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ኮሪደሩ ላይ ለእሳት ከተቀመጡት ባልዲዎች አሸዋ ያለበትን አንዱን አንጠልጥላ እግሬ አውጪኝ አለች። ቤቱን ታውቀዋለች፤ አራት መንገድ አልፎ ነው። እየሮጠች ደወለች፤ አይነሳም። ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት አልለቅ አላት። መታጠፊያው ላይ ከጣሪያ በላይ ጭስ ስታይ ሩጫዋን ጨመረች። የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ነበር።

ደጁ ላይ ስትደርስ ሁለት ጎረቤቶች አሮጊቷን ከነፍራሻቸው ጎትተው ግቢ አውጥተዋቸዋል።

«እሳቱ የታለ?» ይላሉ አሮጊቷ። «ደህና የተኛ ሰው ነቅላችሁ ብርድ ላይ የምትጥሉኝ ምን አድርጌ ነው?»

መምህሯ የባልዲውን ግማሽ አሸዋ ግቢው ጥግ ደፍታ፣ ባልዲውን እዚያው ትታ ገባች። ሶኬቱ ተነቅሏል። ባትሪው ግን ይበልጥ አብጦ የጠርሙሱን ቂጥ ቀዶታል፤ የላስቲክ ቃጠሎ ይሸታል። መብራቱን እንዳለ በቆሻሻ ማፈሻ አንስታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ግቢው ጥግ ባልዲው ውስጥ ጨመረችውና የደፋችውን አሸዋ መለሰችበት። ጥቂት ቆይቶ ከአሸዋው ሥር ፍሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጥቁር ጭስ ተከተለ። አሮጊቷ ማጉረምረማቸውን ተዉ።

እናትየዋ ጎረቤት ደውሎላት የልብስ ፋብሪካ ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች። ባልዲውን አየች፤ ልጇን አየች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከትምህርት ቤት» አለች ልጅቷ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ሰርቀሽ?»

እናት መልስ ሳትጠብቅ ወደ መምህሯ ዞራ እጇን ያዘቻት። «መምህርት፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ለዳይሬክተሩ አይንገሩብኝ። ሌባ ብለው ያባርሩብኛል። እኔ እቀጣታለሁ፤ እዚሁ ይቅር፣ በእናትዎ!»

መምህሯ ያላሰበችው ምሕረት ነበር። ራሷን መነቅነቅ ብቻ ይበቃት ነበር። ማንም አያውቅም፤ ሥራዋ አይነካም፤ እንዲያውም ደግ ሴት ትባላለች፣ ትመረቃለች። እውነቱን ለመናገር «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ወይዘሪት ጥያቄ ቀና ብላ አየቻት፤ ምንም አልጠየቀችም። ልጅቷ የምትጠብቀው ፈርማ የፈቀደችላት መምህር እሷን ሌባ ሲሏት ዝም ብላ ትሰማ እንደሆነ ነበር።

መምህሯ ስልኳን አወጣች። የዳይሬክተሩን ቁጥር ነካችና እናትየዋም እንድትሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«አቤት መምህርት?»

«ከእኔ ክፍል የወጣ ባትሪ ቤት ሊያቃጥል ነበር» አለች። «ሰው አልተጎዳም። ልጅቷ አልሰረቀችም፤ አስፈቅዳኛለች። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

መምህሯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።