ሽማግሌዎቹና የፍሬኑ መብራት

ሽማግሌ የጠራሁት እኔ ነኝ። ባሌ ጎበዜ መኪናዬን ሊሸጣት ተነሥቶ ነበርና። ለዚያውም የሚነዳት ሰው ቢገዛት ምን ነበረበት፤ ለብረት ቆራጭ ነው እንጂ። ሰውዬው እሑድ መጥቶ ጭኖ ሊወስዳት ተቀጣጥረው ጨርሰዋል። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ነው፣ እሱም ከጎረቤት።

አሮጌ ናት፣ አልዋሽም። በሯ ሁለቴ ካልተሳበ አይዘጋም፤ የጣሪያዋ ቀለም ተልጦ አልቋል። ግን የኔ ናት። ሪሽዮኔን፣ መንጃ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ያወጣሁት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ስንቴ እንደወደቅሁ እኔና ፈታኞቹ እናውቃለን። አንዱ ፈታኝ "እመቤቴ፣ አውቶቡስ አይሻልዎትም?" ቢለኝ "ላንተስ ሌላ ሥራ አይሻልህም?" ብዬው ወረድኩ። ያን ቀንም ጣለኝ።

የምሠራው ክፋር አቭራሃም፣ ማዖን ውስጥ ነው፤ የሕፃናት ማዋያ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ሳይደርሱ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከቤቴ ከሻአሪያ በሁለት አውቶቡስ እየተጋፋሁ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን መስኮቴን ከፍቼ፣ ዘፈኔን ከፍቼ እንደ ሰው እሄዳለሁ። እሷን የነጠቀኝ እግሬን ቆረጠኝ ማለት ነው።

የጎበዜ ምክንያት አንዲት መብራት ናት። መሪው ፊት ለፊት ኤ ቢ ኤስ የምትባል ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። በሷ የተነሣ መኪናዋ የዓመቱን ምርመራ፣ ቴስቱን፣ ወደቀች፤ አስተካክዬ እንድመልሳት ጥቂት ቀን ሰጡኝ። ጎበዜ ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ተነሣ።

"ፍሬን በሌላት መኪና ልትሞቺ ነው?" አለኝ።

"ፍሬንማ አላት። ስረግጣት ትቆማለች።"

"ትሸጣለች ብያለሁ።"

"እኔ ቆሜ? በሬሳዬ ላይ ካልሆነ።"

እንዲህ ስንባባል ልጃችን ሻኒ ከክፍሏ ብቅ ብላ "ደይ፣ በቃችሁ፣ ጎረቤት ሰማን" አለችን። እኔም ተናድጄ ስለነበር "እንግዲያው ሽማግሌ ይፍረደን፤ ያሉትን እቀበላለሁ" አልኩ። እሱም "እቀበላለሁ" አለ። ቃል ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ሽማግሌ የተናገረውን ያፈረሰ ሰው በማን ሠርግና በማን ለቅሶ ይቀመጣል? ሽጡ ካሉ ቁልፏን በእጄ ላስረክብ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሆነው መጡ። አባ ንጋቱ ትልቁ ናቸው፤ ነገር የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፣ ተኙ ስትል አንዷን ቃል ይዘው ይነሣሉ። አባ ወንዱ አገር ቤት ሳሉ አንጥረኛ ነበሩ፤ እጃቸው ዛሬም የመዶሻ እጅ ነው። ሳሎን አስቀመጥናቸው፣ ሻይና ዳቦ አቀረብን፤ ጎበዜ ቆሞ ነገሩን ጀመረ። ስለ ፍሬን፣ ስለ አደጋ፣ በዜና ስላየው ሁሉ አወራ። እኔ መሐል ገባሁ። ደግሞም ገባሁ።

"እንጉዳይ ልጄ" አሉኝ አባ ንጋቱ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ያንቺም አፍ ፍሬን ያስፈልገዋል። ተራሽን ጠብቂ።"

ሻኒ ሳቀች። ሻኒ በጦሩ ውስጥ ጂፕ ስትጠግን የኖረች ልጅ ናት፤ አሁንም ኪርያት ማታሎን አንድ ጋራዥ ትሠራለች። አባ ንጋቱ እሷን ጠሩና "ይህ መብራት ምን ይላል? እውነቱን ንገሪን፤ ለእናትሽም ለአባትሽም አታድዪ" አሏት።

"በያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ሴንሰር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ አባ" አለች። "ጎማው በምን ፍጥነት እንደሚዞር እያየ ለመኪናዋ ይናገራል። ፍሬን ድንገት ሲረገጥ ጎማው ደርቆ እንዳይንሸራተት የሚረዳው ይህ ነው። አንዱ ዝም ካለ መኪናዋ መብራቱን ታበራለች። ፍሬኑ አለ፤ ረዳቱ ነው የጠፋው። ዝም ያለው የፊት የቀኙ ነው፣ በመሣሪያ አይቼዋለሁ። አዲሱን ይዤ መጥቻለሁ።"

አባ ንጋቱ አሁን ዓይናቸውን ገለጡ። "አራት ምስክር ቆመው አንዱ አልናገር አለ ማለት ነው። በሰደር፣ መልካም። ይቀየርና ይናገር። መብራቱ ከጠፋ ጎበዜ ክሱን ያነሣል። ካልጠፋ መኪናዋ እሑድ ትሄዳለች። ሰምታችኋል?"

ሰምተናል አልን።

ወንበር ይዘን ሁላችንም ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድን። ሻኒ መኪናዋን በክሪክ አነሣች፣ ጎማውን ፈታች፣ ሽቦውን አላቀቀች፣ ትንሿን ብሎን በአሥር ቁጥር ቁልፍ አወጣች። እስከዚህ ድረስ እንደ ጨዋታ ነበር። ሴንሰሩ ግን ከዝገቱ ጋር ተጋብቷል። ዘይት ረጨችበት፣ ጠበቀች፣ ያዘችና አዞረችው። ቀጭ አለ። ግማሹ በእጇ፣ ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ።

"ጉድ ፈላ" ብዬ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ጎበዜ አሁን ይስቅብኛል ስል ስልኩን አውጥቶ መብራቱን አበራና ጎማው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ለሻኒ ያዘላት።

"አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?" አልኩት።

"ክርክሬ ካንቺ ጋር ነው። ከልጄ ጋር ምን አለኝ?"

ሻኒ የቀረውን ስባሪ በካቻቪቴና በመዶሻ እየመታች ልታወጣ ሞከረች። አባ ወንዱ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጡ ጀመር። መዶሻው በመታ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል። በመጨረሻ ዱላቸውን ለአባ ንጋቱ ሰጥተው ተነሡ።

"ወንዱ፣ ዳኛ ነህ፤ ተቀመጥ" አሏቸው አባ ንጋቱ።

"ዳኝነቴ ወንበሩ ላይ አለ። የሄደው እጄ ነው።"

ጎበዜ "ኧረ አባ ወንዱ፣ ለአንድ ወገን ሠሩ እኮ" ብሎ ቢያጉረመርም ማን ሰምቶት። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉ። ሻኒ ዘይት ትረጫለች፣ እሳቸው ዙሪያውን ቀስ እያሉ ያንኳኳሉ፣ እሷ በካቻቪቴ ትፈለፍላለች፣ አባቷ ያበራል። እኔ ብቻ ነኝ ሥራ የፈታሁት፤ ስለዚህ ሁሉንም አዘዝኳቸው። ስባሪው እየተቆራረሰ ወጣ። ሻኒ ጉድጓዱን በሽቦ ብሩሽ አጽድታ አዲሱን ሴንሰር ስትከተው እንደ ቅቤ ገባ። አሠረች፣ ሽቦውን ቀጠለች፣ ጎማውን መለሰች። አባ ወንዱ ጥቁር እጃቸውን እያዩ ፈገግ አሉ፤ ሃያ ዓመት የቀነሰላቸው መሰሉ።

"ያላ ኢማ፣ በይ አስነሺ" አለችኝ ሻኒ።

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ። ሌላው መብራት ሁሉ ጠፋ፤ ያቺ ቢጫ ግን ቁጭ ብላ ታየኛለች። አባ ንጋቱ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው አዩዋት። ጎበዜም አየ። እሑድ ጠዋት ያ የብረት ሰውዬ መኪናዬን በሰንሰለት ሲጎትታት ታየኝ።

"ረጋ፣ ረጋ" አለች ሻኒ። "ጎማው ሳይዞር ሴንሰሩ ምን አይቶ ይናገር? ትንሽ መሄድ አለባት። ያኔ ነው የሚጠፋው፣ ከጠፋ።"

"እንግዲያው እንግባ" አሉ አባ ንጋቱ። "ምስክር እኛ በሌለንበት አይሰማም።"

ጎበዜ "እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ" አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው እኔ ስነዳ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም።

"ከሳሽ በሌለበት ፍርድ የለም። ግባ" አሉት።

አባ ንጋቱ ከጎኔ፣ ዱላቸው በጉልበታቸው መሐል፤ ከኋላ አባ ወንዱ፣ ሻኒና ጎበዜ። ቀበቶ አሳሰርኳቸውና ወጣሁ። መንገዱ ለሰንበት በሚሸምት ሰው ሞልቷል፤ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ስትሻገር ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ጸጥ ብላ ቆመች። መብራቱ ግን አለ። ወደ አደባባዩ ዞርኩ፣ ነዳጅ ረገጥ አደረግሁ።

"ጠፋ" አሉ አባ ንጋቱ።

አየሁ። እውነትም ጠፍቷል። መሪውን ሳልለቅ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሻኒ ከኋላ ተቀበለችኝ፣ አባ ወንዱ በዚያ ጥቁር እጃቸው አጨበጨቡ። አጠገባችን በሞተር ሳይክል የሚሄድ ልጅ ሠርግ መስሎት "ማዘል ቶቭ" ብሎ መርቆን አለፈ።

"እንግዲህ ጎበዜ፣ ምስክሩ ተናገረ" አሉ አባ ንጋቱ። "ክስህን ታነሣለህ?"

በመስታወቱ አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

"አነሣለሁ" አለ። "መጀመሪያም የኔ ነገር መብራቱ አልነበረም፣ አባ።"

"ምን ነበር?"

"እሷ በአውቶቡስ ስትሄድ ጠዋት ጠዋት እስከ ፌርማታው እሸኛት ነበር። እሷ ዓለሙን ሁሉ ትሳደባለች፣ እኔ እስቃለሁ። እኔ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ እገባለሁ፤ ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ። ያቺ መንገድ ነበረችን። አሁን ቁልፏን ታነሣለች፣ በሩ ይዘጋል። ከቅዳሜ በቀር አላያትም።"

መንገድ ዳር አቆምኩ። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ እንዴት ልንዳ? ከሐሙስ ጀምሮ በንዴት ስጦፍ ሰውዬው ለካ እኔን ናፍቆ ነው። አንጀቴን በላው።

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?" አልኩት ሳልዞር።

"መቼ ልንገርሽ? መቼ ተገናኘን?"

አባ ንጋቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሉ፣ ውረዱልን። ሽማግሌ ሊመክር ነው።"

ሥርዓቱ ነው፤ ሽማግሌ ሲመክር ባለጉዳይ ዞር ይላል። ሦስታችንም ከገዛ መኪናዬ ወርደን አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆምን። አባ ወንዱ ወደ ፊት ተስበው ከአባ ንጋቱ ጋር ጆሮ ለጆሮ ገጠሙ። ሻኒ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔና ጎበዜ ጎን ለጎን ቆምን፤ ሻሼን አስተካከለልኝ። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ መስኮቱን መክፈት አቅቷቸው መስታወቱን በዱላ አንኳኩ። ሻኒ በሩን ከፈተችላቸው።

"መኪናዋ አትሸጥም" አሉ አባ ንጋቱ። "እሑድ የሚመጣውን ሰውዬ ጎበዜ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይመልሰው። ሁለተኛ፣ ጎበዜ እንደ ቀድሞው ሚስቱን ጠዋት ጠዋት ይሸኝ። እስከ ሥራዋ በር ድረስ፣ በመኪናዋ፣ ከጎኗ ተቀምጦ።"

"እሺ፣ እኔስ በምን ልመለስ?" አለ ጎበዜ።

"በእግርህ። ድሮስ ከፌርማታው በምን ነበር የምትመለሰው?"

"ኧረ አባ፣ ይሄ ከክፋር አቭራሃም ነው።"

"የናፍቆትህን ያህል ሩቅ አይደለም" አሉ አባ ወንዱ ከኋላ።

ጎበዜ አቀረቀረ፤ ሲያቀረቅር ሲስቅ አየሁት። ተጨባብጠን የሁለቱንም ጉልበት ስመን ሽማግሌዎቹን ሰንበት ሳይገባ በየቤታቸው አደረስኳቸው።

እሑድ ጠዋት ስወርድ ጎበዜ ቀድሞኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ፀጉሩን አበጥሯል፣ ምሳዬን ጭኑ ላይ አድርጎ ይዟል። ገና ከመውጣታችን የማዖኗ ሥራ አስኪያጅ ያደረገችኝን ጀመርኩለት፤ እሱም ሳቁን ጀመረ። ወሬዬ ብዙ ነበር፣ ክፋር አቭራሃም ቅርብ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ለቀቅ፣ ለቀቅ አደረግሁ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ነፋ።

"ኧረ ሰው እየነፋ ነው፣ ትንሽ ፍጠኚ" አለኝ ጎበዜ።

"ይንፋ" አልኩት፤ ወሬዬን ቀጠልኩ።