ያልለቀቀው እጅ

ዴዝመንድ ታክሬይ አርባ ዓመት ሙሉ የስልክ ገመድ ሲጎትት የኖረ ሰው ነው። ከአስፋልት በታች፣ በግድግዳ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት ሁሉ ገመድ አሳልፏል። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ መፍታትን እምቢ አለ። የኤለርዊክ ብስክሌት ክለብ ሰዎችም ይህን ያውቁ ስለነበር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማርሽ የገዛ ሁሉ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ እሱ ጋራዥ መምጣት ለመደ።

የክለቡ ውድድር የግል ውድድር ነው። እሑድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከሃል ከተማ ወደ ምዕራብ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ተወዳዳሪዎቹ በየደቂቃው አንድ አንድ እየሆኑ ይለቀቃሉ፤ ሃያ አምስት ማይል ከሰዓት ጋር ብቻ ይታገላሉ። ለዚህ የሚሠራው ብስክሌት ዝቅ ያለ፣ እንደ ቢላዋ የሳሳ ነው። ነፋስ የሚይዘው ነገር ውጭ እንዲታይ አይፈለግም፤ ስለዚህ የማርሹ ገመድ ሁሉ ከመሪው ጀምሮ በፍሬሙ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው ከኋላ ጎማ ዘንድ የሚደርሰው። ዴዝመንድ በአንዱ ቀዳዳ ቀጭን ክር ይከታል፤ በሌላው ቀዳዳ ላይ የአቧራ መምጠጫ ማሽኑን አፍ ይደቅናል፤ ክሩ እየተሳበ ብቅ ይላል። ከዚያ ገመዱን ከክሩ ጋር አስሮ፣ እስትንፋሱን ውጦ፣ ቀስ እያለ ይጎትታል። አንዳንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚራገምበትን ሥራ እሱ በአንድ ስኒ ሻይ ይጨርሰዋል ይባልለት ነበር።

በሚያዝያ ወር ሮዊና ሳወርቢ መጣች። የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ከሰው እጅ የገዛችው የካርቦን ፍሬም ለድሮው የብረት ሽቦ የተሠራ ስለነበር ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው። የኤሌክትሪኩ ገመድ ራሱ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው መሰኪያ ግን በመሪው አንገት ሥር ባለው ቀዳዳ አላልፍ አለች።

"እንግዲህ ትንሽ ላስፋው" ብሎ ክብ ሞረድ አነሣ። ብቻውን ነበር። ሁለት ጊዜ ሞረደ፤ በሦስተኛው እጁ አዳለጠው። ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ያለ ድምፅ ሰማ። ከቀዳዳው ጠርዝ አንሥቶ የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ወደ አንገቱ አቅጣጫ ወጥታለች።

ዴዝመንድ ጎንበስ ብሎ ስንጥቋን አያት። ከዚያ ማጣበቂያ ቀባ፣ ጥቁር ቀለም ደረበበት፣ የቀዳዳውን የጎማ ክዳን ከላይ ገጠመ። "ላይ ላዩን ነው" አለ ለራሱ። ሮዊና ስትመጣ ማርሹ ሲቀያየር የሚሰማውን ዝዝታ ሰምታ እንደ ሕፃን ዘለለች፤ ግንባሩንም ሳመችው። እሱም ነገሩን በሆዱ ይዞ ቀረ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። የክለቡ የሴቶች የሃያ አምስት ማይል ክብረ ወሰን ከተያዘ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አምሳ ስምንት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ። የያዘችው የዴዝመንድ ሚስት አቭሪል ናት። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ውድድር ትታ የክለቡ ሰዓት ያዥ ሆናለች። ቁጥብ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ ስለዚያ ሰዓት እሷ አንሥታ አታውቅም፣ ሌላው ሲያነሣው ግን አንገቷ ትንሽ ቀና ይላል። ሮዊና በግንቦት አምሳ ዘጠኝ ከአሥር ገባች። በሰኔ አምሳ ስምንት ከአምሳ ሁለት። የቀረው አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ያኔ ነው ክሊፎርድ፣ ያ አፉ የማያርፍ የክለቡ ተወዳዳሪና ጡረተኛ አስተማሪ፣ በመንደሩ አዳራሽ ሻይ እየተጠጣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"ዴዝ፣ ገመዷን ላላ አድርገህ እሰርላት እንጂ! የቤትህ ሰላም ይበልጥብሃል" ያለው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሮዊናም ሳቀች። "ሽቦዬን የነካ ሰው ላይ አውቶቡስ ነው የምነዳበት!" አለች። አቭሪል ብቻ ኬኩን መቁረጧን ቀጠለች። ዴዝመንድ ከሌሎቹ ጋር ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ሆነበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ ፍሬም የሚናገረው ነገር ሁሉ ለሚስቱ አድልቶ የተናገረው እንደሚመስል ገባው።

በሐምሌ ከትልቁ ውድድር በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሮዊና ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

"የኋላው ማርሽ ያመነታል ዴዝ። ስነካው 'እስቲ ላስብበት' ይለኛል፤ ልክ እንደ ባሌ።"

"መሰኪያው ላልቶ ይሆናል። ቁጭ በይ።"

የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ሳንድዊቿን ፈታች። ዴዝመንድ የጎማ ክዳኑን ነቀለ። የቀባው ቀለም ተሰነጣጥቋል፤ ያቺ የጥፍር ታህል የነበረች መስመር ከክዳኑ አልፋ፣ ፀጉር መስላ፣ ወደ መሪው አንገት ሁለት ጣት ያህል ሄዳለች። እዚያ ጋ ፍሬም ቢሰበር መሪው ከነሰውየው ወደፊት ይወድቃል። ሰፊው መንገድ ላይ ደግሞ ከኋላ ከባድ መኪና አይጠፋም።

ጀርባውን ሰጥቷት ነበር የቆመው። መሰኪያውን ጠበቅ አደረገ፤ ማርሹ መልሶ እንደ ሰዓት ተንቀሳቀሰ።

"ነገ ነፋስ የለም አሉ" አለች ሮዊና አፏ ሞልቶ። "ነገ ካልሆነ መቼም አይሆንልኝም። አቭሪል ትቀየመኝ ይሆን?"

"አቭሪል እንዲህ ባለ ነገር አትቀየምም።"

"ሁሉ ደህና ነው ታዲያ?"

ዴዝመንድ የጎማ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ተጭኖ መለሰው።

"ደህና ነው" አላት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያች ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ ዴዝመንድ ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠ። አቭሪል ለእራት የሠራችውን ድንች በሹካው ሲያንከባልል አይታ፣ "ሆድህን ነው?" አለችው። "አዎ፣ ሆዴን ነው" አለ፤ እውነቱንም ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰማዩ የጠራ፣ የስንዴው ዛላ እንኳ የማይነቃነቅበት ቀን ነበር። አቭሪል መንገዱ ዳር በታጣፊ ወንበሯ ላይ ሰዓቷን ይዛ ተቀምጣለች። ዴዝመንድ የዘወትር ሥራው ላይ ነው፤ ተወዳዳሪው ሁለት እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ሳይወድቅ እንዲጠብቅ ከኮርቻው ሥር ይዞ ያቆመዋል፤ ተቆጥሮ ሲያልቅ ይለቀዋል። አይገፋም፣ አይጎትትም፤ ይለቃል ብቻ።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሄደ። ሃያ ቁጥር ሮዊና ናት።

"ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ ሽማግሌው፤ ዛሬ ልቤ ነው የሚንቀጠቀጠው" አለችው።

"ሠላሳ ሰከንድ" አለች አቭሪል።

ሮዊና ክብደቷን ወደ መሪው አሳረፈች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዴዝመንድ አንድ ድምፅ ሰማ፤ ጢቅ የሚል። የብስክሌቱ ካቴና ይሁን፣ የጫማዋ ይሁን፣ የዚያ ስንጥቅ ይሁን እስከዛሬ አያውቅም።

"አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሂጂ!"

ሮዊና ፔዳሉን ረገጠች። ብስክሌቱ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። የዴዝመንድ ሁለት እጆች ኮርቻው ሥር እንደ መቆንጠጫ ተቆላልፈዋል።

"ልቀቀኝ!"

አልለቀቀም።

"ዴዝ! ልቀቀኝ እኮ ነው የምልህ! ምን ሆነሃል?"

ከኋላዋ ሃያ አንድ ቁጥርን ለጥፎ የቆመው ክሊፎርድ፣ "ኧረ አቭሪል፣ ባልሽ ክብረ ወሰንሽን በሁለት እጁ ይዞልሻል!" ብሎ ሳቀ። የዴዝመንድን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ።

"ፍሬሙ ተሰንጥቋል" አለ ዴዝመንድ። ድምፁ እሱ ራሱ የማያውቀው ሆነ። "እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት፣ በሞረድ፣ በሚያዝያ። ትናንት ሰፍቶ አየሁት። አይቼ ዝም አልኩሽ።"

ሮዊና ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈውን ጫማዋን አላቀቀች። ወረደች። የጎማ ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ጎንበስ አለችና ተመለከተች።

"ይቺ? ይቺ ፀጉር?"

"ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደገባች አላውቅም።"

"ትናንት 'ደህና ነው' ብለኸኛል።"

"ብዬሻለሁ።"

ሁሉም ወደ አቭሪል ዞሩ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗን ግን ከሰዓቱ ላይ አላነሣችም። "ሃያ አንድ ቁጥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ" አለች። ክሊፎርድ እየተንገዳገደ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ዴዝመንድም ያዘውና ሲቆጠር ለቀቀው። የቀሩትንም ሁሉ እንዲሁ። ሮዊና ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲዋ፣ ብስክሌቷን እየገፋች ሁለት ማይል ርቆ ወዳለው አዳራሽ ተመለሰች።

ውድድሩ ሲያልቅ ሁለቱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። አቭሪል ቁልፉን ይዛ፣ ሳታስነሣ፣ ወደ እሱ ዞረች።

"እጅ ያዳልጣል" አለች። "ዛሬ በመያዝህም አልፈርድብህም። ያቺ 'ደህና ነው' ናት ያንገበገበችኝ።"

"ብናገር፣ ለአንቺ ብዬ ያስቀረኋት ነው የሚሉ መስሎኝ..."

"እሱንማ አሁን ነው የሚሉት! ያን ሰዓት በእግሬ ነበር ያመጣሁት ዴዝመንድ። ዛሬ አንተ ጠብቀህ ያቆየህልኝ ነገር ሆኖ ቀረ።"

ይህን ብላ መኪናውን አስነሣች።

ሮዊና ፍሬሙን ሊድስ ወዳለ ካርቦን ጠጋኝ ወሰደችው። ሰውየው በመሣሪያ መርምሮ፣ ስንጥቁ ካሰቡት በላይ ጠልቋል፣ እኔ ብሆን አልጋልብበትም አለ። "ያን ቀን ይሰበር ነበር ወይ?" ብላ ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። "ዓመትም ይቆይ ነበር፣ አሥር ደቂቃም አይቆይ ነበር" አላት። ይህ መልስ ማንንም አልጠቀመም። በክለቡ ውስጥ ግማሹ ዴዝመንድ ሕይወቷን አተረፈ አለ፤ ግማሹ ደግሞ ሆን ብሎ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ጠበቀ አለ። ሁለቱንም ሲሰማ እኩል ያመው ነበር።

በነሐሴ ዴዝመንድ ሮዊና ቤት ድረስ ሄደ። በሩን ከፈተች፤ ግባ ግን አላለችውም።

"ቅዳሜ ብትነግረኝ የእህቴን ልጅ ብስክሌት እዋስ ነበር" አለች። "ከባድ ነው፣ ግን ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።"

"ፈራሁ ሮዊና።"

"ምኑን?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

"እኔ አስፋልቱ ላይ ብቀርስ ምን ይሉህ ነበር?"

ዴዝመንድ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። ሮዊና በሩን ዘጋች፤ ሳታላጋው፣ ቀስ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ ጋራዡን ቆለፈው። ብስክሌት ይዞ የሚመጣውን ሁሉ፣ "ዓይኔ ደክሟል" እያለ ይመልስ ጀመር። ኮርቻ መያዙንም ለሌላ ሰው ተወ። አቭሪል አብራው ትበላለች፣ አብራው ትተኛለች፣ ነገር ግን ክሊፎርድ በአዳራሹ አጠገቧ ሲቀመጥ ኬኳን ይዛ ትነሣለች፤ አንገቷም እንደ ድሮው ቀና አይልም። በመስከረም መጨረሻ በነበረው ውድድር ሮዊና በተጠገነው ፍሬም ጋለበች። ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ አምሳ ዘጠኝ ከሠላሳ አራት ገባች። አቭሪል ሰዓቱን ስትጽፍ ብዕሯ እንደቆመች ሰው ሁሉ አይቷል።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዴዝመንድ ቅጠል እየጠረገ ሳለ ሮዊና ብስክሌቷን እየገፋች በአጥሩ በር ገባች።

"ገመዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል" አለች ሰላምታ ሳትሰጥ። "ሱቆቹ ሦስት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። ለመታረቅ አይደለም የመጣሁት። ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።"

"አልነካም ብያለሁ እኮ።"

"ብለሃል። አሁን ትነካዋለህ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። የምታደርገውን እያንዳንዷን ነገር ጮክ ብለህ ትነግረኛለህ።"

ጋራዡን ከፈተ። ሮዊና ሻይ አልፈልግም አለች፤ አልቀመጥም አለች። የእጅ ባትሪውን ይዛ አበራችለት። ዴዝመንድም መናገር ጀመረ፤ መጀመሪያ አፉ ተሳሰረበት፣ በኋላ ግን እየቀለለው ሄደ።

"ክዳኑን እያነሣሁ ነው። ክሩን እየከተትኩ ነው። እዚህ ጋ ያዘኝ፤ ልጎትተው እችላለሁ፣ ግን አልጎትትም፤ ከታች በኩል እሞክራለሁ።"

"እሺ።"

"ወጣ። መሰኪያውን እያሰርኩ ነው።"

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆዩ። ገመዱ ከኋላ ብቅ ሲል የያዘው ወረንጦ ፍሬሙን ነካ አደረገው። ዴዝመንድ እጁን አቆመ።

"እዚህ ጋ ጭሬብሻለሁ" አለ። "ቀለሙን። ከቀለሙ አላለፈም ብዬ አስባለሁ፤ ግን ጭሬዋለሁ።"

ሮዊና ባትሪውን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየች። በጣቷም ዳሰሰችው።

"አየሁት" አለች። "ቀጥል።"

ሲጨርስ ማርሹን ራሷ ሞከረችው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። አቭሪል በወጥ ቤቱ መስኮት ስታያቸው ነበር፤ ዴዝመንድ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ፎጣውን አቀበለችው። ሮዊና በሚመጣው ዓመት ትወዳደር አትወዳደር አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።