ከመርዶው በፊት

አሥራ ሁለት ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ለእኛ ለነባሮቹ ባለሙያዎች የሳይኮዳይናሚክ ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና ሲጀመር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተመዘገብሁት ለምስክር ወረቀቱ ብዬ ነው። ታካሚው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀረውንም፣ ከዚያም አልፎ ሐኪሙ ውስጥ የሚነሣውን ስሜት መመርመር ነው አሉን። የእኔን ስሜት ማን ጠየቀኝ? በየሳምንቱ ከአንድ ታካሚ ጋር ሃምሳ ደቂቃ እንቀመጣለን፤ ከዚያ የተባባልነውን ቃል በቃል ጽፈን ለአሠልጣኛችን ለዶክተር ሠናይት እናነብባለን።

የእኔ ታካሚ ከገሳይ የሚመጡት እማማ ጌጤ ናቸው። እንቅልፍ አጥተዋል፤ ጉሮሯቸውን አንድ ነገር አንቆ ይዟቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት ታናሽ ወንድማቸው ይርዳው እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። የእማማ ጌጤ አንድ ልጅ፣ ሞገስ፣ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞቷል። መርዶው የሚነገራቸው ገብሱ ተወቅቶ ሲገባ ነው።

«አደራ፣ ከአፍህ እንዳይወጣ» አለኝ።

«እሺ» አልሁ። እዚህ አገር ማን እንቢ ይላል?

በሦስተኛው ሳምንት ጽሑፌን ሳነብ ሠናይት አስቆመችኝ። እማማ ጌጤ «ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል» ብለዋል። እኔ የመለስሁት «መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» ብዬ ነው። ከዚያም ሃምሳው ደቂቃ ሳይሞላ አሰናብቻቸዋለሁ።

«እዚህ ላይ ምን ተሰማህ፣ ፈንታሁን?»

«ምንም።»

ብዕሯን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። መጠበቋ አናደደኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነገር ነበር። የኮሌጅ የመጨረሻ ፈተና ላይ ሳለሁ እናቴ ሞተች። እንዳልረበሽ ብለው ደበቁኝ፤ ቤት የገባሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ሁሉም አልቅሶ ጨርሶ ነበር። እኔም እንደ ጨረሰ ሰው ሆንሁ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሃምሳውን ደቂቃ ተቀመጥ» አለችኝ ሠናይት። ሌላ አልጨመረችም።

ተቀመጥሁ። እማማ ጌጤ ስለ በሬያቸው ትንሽ አውርተው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። እኔም ስለ መድኃኒት አልጠየቅሁም።

«ልጄ፣ እዚህ የተወራ ውጭ ይሰማል?»

«አይሰማም፣ እማማ።»

«ለሞገስ አድርስልኝ ብዬ ለይርዳው የሰጠሁት በሶ እሱ ቤት እጓዳው ተቀምጧል። እንዳሰርሁት ነው። ቋጠሮው አልተፈታም።»

«መቼ አዩት?»

«ወር አልፎታል። እኔ ከጮኽሁ አገሩ ሁሉ አጨዳውን ጥሎ ይመጣል። ደመናው ደግሞ እያስፈራራ ነው። የሰው እህል ይበስብስ? እስኪገባ ብዬ ቻልሁት።»

እኛ ከእሳቸው ስንደብቅ እሳቸው ከእኛ ይደብቁ ኖሯል። አፈርሁ። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አፍነው፣ በር ላይ የተቀመጠው ይርዳው እንዳይሰማ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ።

እኔ የተቀመጥሁት ለእሳቸው ነበር። ግን እንባዬ መጣ፤ ልመልሰው አልቻልሁም። እማማ ጌጤ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«አንተስ ማን ሞቶብህ ነው?»

«እናቴ።»

«መቼ?»

«ከሞተች አሥራ ሦስት ዓመቷ።»

«አላለቀስህላትም?»

እንዳላለቀስሁ ራሴን ነቀነቅሁ። የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ሰጡኝ።

«እንግዲያው አልቅስላት፣ ልጄ። ቀስ ብለህ ብቻ፤ እንዳይሰሙን።»

ያን ቀን ሰዓት አላየሁም። ይህንንም ቃል በቃል ጽፌ ለሠናይት ማንበብ አለብኝ።

ሲወጡ ፊታቸውን አበሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይርዳው ብድግ አለ።

«ገብሱ ምን ደረሰ?» አሉት።

«አንድ አውድማ ቀርቷል። ቅዳሜ ይገባል።»

«እንግዲህ እሑድ ነው» አሉና ቀድመውት ሄዱ።