ያልተሰረዘው ባቡር

በቀን አራት ጊዜ ይመጣ የነበረው ባቡር ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ፤ አንዱም ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጣቢያው ኃላፊ ግን የሚያምኑት መዝገባቸውን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የሚቀበለው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ገባ፣ ወጣ፣ ዘገየ። መሰረዝ የዋናው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይሰርዝ ፈረሰ። ስለዚህ እሳቸው በየማለዳው ኮታቸውን ለብሰው «ዘገየ» ብለው ይፈርማሉ። ደንቡ፣ የዘገየ ባቡር ሳይገባ ኃላፊው ጣቢያውን ጥሎ አይሄድም ይላል። ከትኬት መስኮቱ ጀርባ ያለችው፣ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩባት ክፍል የቆመችው በዚህች አንቀጽ ላይ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ጸሐፊ መጣች። ሕንፃው ለመጋዘን ተፈልጓል።

«አባባ፣ በወሩ መጨረሻ ክፍሏን ይለቃሉ።»

«ባቡሩ ይግባና እለቃለሁ፣ ልጄ።»

«የትኛው ባቡር? ሐዲዱ ላይ እኮ ልብስ ተሰጥቷል!»

«የኔ ነው፤ እንዳትረግጪብኝ» አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ።

«የዘገየው ነዋ» አሉ ኃላፊው፣ መዝገቡን ገፋ እያደረጉላት። ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገለጠችው። ዘገየ። ዘገየ። ዘገየ። አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም፤ ኃላፊው ደረታቸውን ነፉ። ድንገት ጣቷ ቆመ።

«ይኸውና፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ‹ገባ› ይላል።»

ጽሑፉ የባለቤታቸው ነው። ኃላፊው ትርፍ አንጀት አስወጥተው ሆስፒታል የተኙበት ሳምንት ነበር። ሲመለሱ አዲስ ገጽ ጀመሩ፤ የኋላውን የማገላበጥ ልማድ የላቸውም።

«አንቺ! ምን ነካሽ?» አሉ ኃላፊው ወደ ውስጥ።

ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ ብቅ አሉ። «ስድስት ቀን ሙሉ ‹ዘገየ› ጻፍኩልህ። በሰባተኛው እጄ እምቢ አለኝ። አንተም ታመህብኝ፣ እሱም ዘግይቶብኝ! አንዱ እንኳ ይግባልኝ አልኩ።»

ጸሐፊዋ አሳዘኗት መሰል ወደ መስኮቱ ዞረች። «ይሰርዙታ፣ አባባ። እኔ አላየሁም።»

«ስርዝ ድልዝ ክልክል ነው» አሉ ኃላፊው። መጀመሪያ ተናገሩት፣ ከዚያ አሰቡት።

መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡ። የመቆሚያ ቁጥር የሚለው ዓምድ ባዶ ቀርቷል። «አንድ» ብለው ሞሉት፤ ሁለተኛ ኖሮም አያውቅ።

«በስንት ሰዓት ገባ?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ።

«እኔ እንጃ፤ ረፋድ ላይ አድርገው።»

«ረፋድ ሰዓት አይደለም።»

«እንግዲያው አራት ከሩብ በለው።»

አራት ከሩብ አሉና ፈረሙ። ከዚያ አልጋው በበሩ ይወጣ እንደሆነ ሊለኩ ተነሡ።