ቅባት የማይገባበት ቤት

የአማቴ ጠላት ቅባት ነው፤ ሰይጣን እንኳ ሁለተኛ ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ አንሶላ ላይ የዘይት ጠብታ ካዩ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። እኔ አጥባለሁ፣ ባሌ ይተኩሳል፤ የምንኖረውም አብረን እዚያው ፎቁ ላይ ነው።

ልጄ ገና ሕፃን ሳለች የክንዷና የጉልበቷ እጥፋት ቀልቶ ተሰነጣጠቀ። ዶክተሯ ችፌ ነው አለችን።

«ቆዳዋ ከተፈጥሮው ስስ ነው፤ አያግድላትም። እርጥበቱ ይወጣል፣ አቧራው ይገባል። ሳሙና አታብዙባት፤ ወፍራም ቅባት ጠዋት ማታ ቀቧት። እንዲህ ክፍት ከቆየ ሰውነቷ አቧራን በጠላትነት ይይዘውና ነገ ሳንባዋም ሊቆጣ ይችላል።»

አማቴ የቅባቱን ዕቃ አገላብጠው አዩት። «ቆሻሻ ላይ ቅባት? ምን ጉድ ነው! ደንበኛ እከካም ልጅ ካየ ልብሱን ማን ይሰጠናል?»

«እማማ፣ እከክ አይደለም'ኮ፤ ሐኪም ነው ያዘዘው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሟ?»

ባሌን አየሁት። ካውያውን ይዞ ኮሌታ ላይ አቀረቀረ። እናቱ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚተኮስ ኮሌታ አያጣም።

ማታ እኔ እቀባታለሁ፤ ጠዋት ወደ ማሽኖቹ ስወርድ እሳቸው በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ፈትገው ያስለቅቁታል። ጩኸቷ ታች ድረስ ይሰማኛል። አንድ ቀን ሮጬ ወጥቼ ከእጃቸው ነጠቅኳት። አኮረፉኝ፤ ባሌም «እናቴን አታስቀይሚያት» አለኝ። በማግስቱ ያው ፍትጊያ። ለእነሱ ማስረዳት ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው።

አራት ዓመት ሲሞላት ሳል ጀመራት። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ባልታጠቡ የደንበኛ ብርድ ልብሶች መሃል ስትጫወት ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ከንፈሯ ጠቆረ። አቅፌያት ሮጥኩ፤ ባሌም ተከተለኝ።

ዶክተሯ አስም ነው አለች። የመተንፈሻ ጭምብል አድርጋላት እጅጌዋን ሰበሰበችና የተላጠ ክንዷን አየች።

«ቅባቱስ?»

ባሌ ጫማውን አየ። እዚያ ኮሌታ የለማ! በሰው ፊት ልሰድበው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስንመለስ አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ባሌ ደውሎ ነግሯቸው ኖሮ በመዳፋቸው ሙሉ ቅባት ዝቀዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ነይ የኔ እናት፣ አያትሽ ትቀባሽ» አሉ።

ልጄ ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ትንፋሿ አሁንም ያፏጫል።

«አያቴ፣ ታጥቤያለሁ'ኮ» አለች።